የጠበቃው ጸሐፊ

በቀድሞው ዘመን ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባለው ባለሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱን ቃል በብዕር እያሰፈረና ማኅተሙን እየጠበቀ በቤተ መንግሥት ምን ያህል ክብርና ኀይል እንደ ነበረው የታሪክ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ በቆሙት ፎቆች ውስጥ፣ በጠበቆች ቢሮ ደጃፍ ተቀምጠው የስንቱን ሰው ቤትና ገንዘብ የያዘ መዝገብ የሚጠብቁት ጸሐፊዎች ግን፣ የተሸከሙት አደራ በዓይነቱ ከዚያኛው ብዙም ያልራቀ ሆኖ ሳለ፣ በባለጉዳዩ አንደበት «ስልክ የምታነሣዋ ልጅ» ከመባል አላለፉም። ወደ ሥራው የሚገቡት ወጣቶችም፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ሌላ እስኪገኝ ድረስ እንደ ማረፊያ ስለሚቈጥሩት፣ በእጃቸው የገባው ሙያ ምን እንደ ሆነ ሳይመረምሩት ጥለውት ይወጣሉ።

የሙያው ልብ ፈጥኖ መተየብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ፍጥነት ይጠቅማል፤ ነገር ግን በጥብቅና ቢሮ ከሁሉ የሚከብደው ቀን ነው። ከሳሽ በቀጠሮው ሳይገኝ ቢቀር፣ ክርክሩ የቱንም ያህል የጸና ቢሆን መዝገቡ ይዘጋበታል፤ ተከሳሽ ቢቀር ነገሩ በሌለበት ይታያል፤ የይግባኙን ጊዜ ያሳለፈ ሰውም፣ በቂ ምክንያት አቅርቦ ካላስፈቀደ በቀር፣ የተፈረደበትን ተቀብሎ ይቀመጣል። ጠበቃው በችሎት ቆሞ ሕግ ሲጠቅስና ምስክር ሲመረምር ሳለ ይህን ሁሉ ቀን በአእምሮው ሊይዘው አይችልምና፣ የቀጠሮው መዝገብ ያለ በጸሐፊዋ እጅ ነው።

ነገሩ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አንድ አብነት ላሳይ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያቀርብ ያዝዛል። ፍርዱ ሐምሌ 15 ቀን ተነገረ እንበል። ስድሳ ቀን ማለት ሁለት ወር ነው ብሎ የገመተ ሰው እስከ መስከረም 15 ጊዜ አለኝ ብሎ በሰላም ይተኛል። ጸሐፊዋ ግን ለሐምሌ 15 ቀን፣ ለነሐሴ 30፣ ለጳጉሜን 5 ቀን ትይዝና 50 ካለች በኋላ የቀረው 10 ብቻ መሆኑን ታያለች፤ ስለዚህ ስድሳኛው ቀን መስከረም 10 ነው። ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ሆኖ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች ደግሞ መስከረም 9 ይሆናል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ የደብር ዲያቆን ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ሆኖም በእነዚህ አምስት ወይም ስድስት ቀኖች ውስጥ ቤቱን የሚያጣ ሰው አለ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለዕረፍት ስለሚዘጉ «ዕረፍት አይደል እንዴ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ጠንቃቃዋ ጸሐፊ ግን የዕረፍቱን ነገር ለጠበቃው ክርክር ትታ ቀኑን በጠባቡ ትቈጥራለች፤ ማሳሰቢያውንም በመጨረሻው ቀን ላይ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት አስቀድማ ትጽፈዋለች።

ከዚህ የሚብሰው የሁለት ዘመን አቈጣጠር ጣጣ ነው። የውጭ አገር ነጋዴ ከአዲስ አበባ ነጋዴ ጋር የተፈራረመው ውል ግርጌ «3/4/2010» የሚል ቀን ብቻ ተጽፎ ቢገኝ፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ይሆናል፤ በፈረንጆቹ ቢሆን ግን መጋቢት 25 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ በመርሕ የ10 ዓመት ይርጋ ያቆማልና፣ ዕዳው በፊርማው ዕለት የሚከፈል ከነበረ፣ በፈረንጆቹ አቈጣጠር መብቱ በ2012 ዓ.ም. አልፎበታል፤ በእኛ እስከ 2020 ዓ.ም. ይቈያል። በዚህ ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ ሰነዱ ገና በር ላይ ሲደርስ አይታ «ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.?» ብላ የምትጠይቀው ግን ጸሐፊዋ ናት፤ ይህን ጥያቄ በጊዜው ለመጠየቅ የበቃች ሴት ከተራ መተየብ ወጥታለች ማለት ነው።

ወረቀቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ክሱ ብቻውን አይሄድም፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 የሚጠየቀው የማስረጃ ዝርዝር፣ ምስክሮች ከነአድራሻቸው፣ አባሪዎች ከነገጽ ቁጥራቸው፣ ለፍርድ ቤቱና ለእያንዳንዱ ተከሳሽ የሚበቃ ቅጂ፣ በግርጌውም የቀረበው ነገር እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት የሚያረጋግጥ ቃልና ፊርማ ሊኖሩት ይገባል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል መዝገብ ቤቱ ይመልሰዋል፤ የተመለሰ ማመልከቻም አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁሉን ነገር ያስከፍላል። ባለጉዳዩ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የውጭ ከተማ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የውክልናው ጉዞ አለ፤ በኤምባሲው የተሰጠው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ድረስ የሚወስደውን ጊዜ አስቀድማ የማታሰላ ጸሐፊ ጠበቃዋን ያለ ሥልጣን ችሎት ታቆመዋለች።

ምስጢርን በሚመለከት ብዙ መስበክ አያስፈልግም፤ ጠበቃ የሙያ ምስጢር ቢያወጣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 ይቀጣዋል፤ የእርሱ ምስጢር ሁሉ ደግሞ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ይልቅ አስቸጋሪው በስልክ የሚመጣው የየዋህ ጥያቄ ነው። አንዲት አሮጊት ደውለው «ልጄ፣ ይፈረድልኛል ወይ?» ሲሉ፣ ርኅራኄ ያሸነፋት ጸሐፊ «አይዞዎት እማማ፣ ያሸንፋሉ» ትላለች፤ በዚህም ጠበቃው ያልሰጠውን ተስፋ ሰጥታለች። ሙያውን ያወቀችው «እማማ፣ ቀጠሮዎ ጥቅምት 12 ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፤ መታወቂያዎን አይርሱ፤ የፍርዱን ነገር እሳቸው ራሳቸው ያስረዱዎታል» ብላ ታሰናብታቸዋለች። ይህ ትሕትና ያለበት መልስ ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን በዚህ ሥራ ከሚለመዱት ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ይመስለኛል።

ከፍ ለማለት የምትሻ ጸሐፊ ምን ትማር ቢባል፣ በመጀመሪያ የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን ቅጾች ማገላበጥ ትልመድ እላለሁ። ቢያንስ አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታቹን ፍርድ ቤት ሁሉ እንዲያስገድድ አዋጅ ቁጥር 454/1997 ከደነገገ ወዲህ፣ ጠበቃው «ያ የሽያጭ ውል ጉዳይ የትኛው ቅጽ ነበር?» ሲል ቅጹንና የመዝገቡን ቁጥር አውጥታ የምታቀርብ ጸሐፊ ዋጋዋ እጥፍ ሆኗል። ቀጥሎ እንግሊዝኛ፤ ውሉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በአማርኛ ስለሚሠራ፣ የትርጉሙን ስሕተት አስቀድሞ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። የኮምፒውተሩን ነገር ዛሬ ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ።

ቀድሞ ጠበቃ ብቻውን ስለሚሠራ ጸሐፊዋም ከእርሱ ጋር ብቻዋን ትኖር፣ እርሱ ሲያርፍ እርሷም ሥራ ትፈታ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ኀላፊነቱ በተወሰነ ሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ በኋላ ግን ብዙ ጠበቆች በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩባቸው ቢሮዎች መጥተዋል፤ በእነዚህም ውስጥ መዝገብ የሚያደራጅ፣ ቀጠሮ የሚከታተልና ሌሎች ጸሐፊዎችን የሚመራ ሰው የግድ ሆኗል። በማታ ሕግ ተምረው፣ ዲግሪውን ይዘው፣ ወደ ጥብቅና ፈቃድ ፈተና የሚሄዱም አሉ፤ ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊነትን ወደ ጠበቃነት መወጣጫ ብቻ አድርጎ ማየት ለሁለቱም ሙያ አይበጅም።

በቅጥሩ ጊዜ ብዙዎች ለመጠየቅ የሚያፍሩት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሥራ ዝርዝር ነው። ውሉ «ጸሐፊ» ብሎ ዝም ካለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የቢሮው መዝገብና የቀጠሮ ኀላፊነት ሁሉ በእርሷ ላይ ወድቆ ሳለ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብትል የምትጠቅሰው ቃል አይኖራትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ ጊዜ ሲያልቅ፣ የምትሠራውን ዘርዝራ በአንድ ገጽ ጽፋ ከውሉ ጋር እንዲያያዝላት ጠበቃውን ትጠይቅ፤ ቀኑንም በዓ.ም. ትጻፈው።