ተጨማሪ መረጃ፦ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ቤተ መንግሥት

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትጓዙ፣ ሆለታን እንዳለፋችሁ አዲስ ዓለምን ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የማገዶ እንጨት ስላጠረ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መዲናቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው በኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ የእንጨቱን ችግር ሲያቃልል ግን ሐሳቡ ቀረ፤ ግንባታውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬም ይቀደስበታል።

የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ቅርበት እንዲያው ድንገተኛ አይደለም። የምኒልክ ጦር በደቡብና በምዕራብ በሰፈረባቸው ብዙ ቦታዎች ጦር ሰፈርና ቤተ ክርስቲያን አብረው ተተክለዋል። ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ገባር ይመደብለት ነበር። ገባር ማለት ከምርቱ ግብር የሚከፍል፣ በጉልበቱም የሚያገለግል ገበሬ ነው። ይህን የምኒልክን ግዛት መስፋፋት “አገር ማቅናት” የሚሉም “ቅኝ ግዛት” የሚሉም ጸሐፊዎች አሉ። ስሙ ያከራክር እንጂ የገባሩ ሸክም ከባድ እንደነበር ሊካድ አይገባም። አብያተ ክርስቲያናት ቢተከሉም የኦሮሞ ነባር እምነት የሆነው ዋቄፈና አልጠፋም፤ የምስጋና በዓሉ ኢሬቻ ዛሬም በውኃ ዳር ይከበራል።

በከተማችሁ ያለውን አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የኢሬቻ ቦታ ምረጡ። መቼና በማን እንደተጀመረ፣ መሬቱም ቀድሞ የማን እንደነበር አዛውንቶችን ጠይቃችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አቅርቡ።