«ፓወር» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት «ፓወር» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አጭር ፍቺ ይሰጡታል፤ ሥራ የሚሠራበት ወይም ኢነርጂ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዛል። ይሁን እንጂ «ፓወሩ ከፍ ያለ መሣሪያ ምንጊዜም ብዙ ኢነርጂ ይጨርሳልን?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሳያመነታ «አዎን» ይላል። ለዚህ ተጠያቂው በአመዛኙ ቃሉ ራሱ ይመስለኛል።

ቃሉ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ «መቻል» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ግሥ ነው። ስለዚህም መቻል ባለበት ሁሉ ይገኛል። የመንግሥት ሥልጣን ፓወር ነው፤ ኃያላን አገሮችም ፓወር ይባላሉ፤ መብራት ሲቋረጥ የተቋረጠው ፓወር ነው። በሒሳብ 2 በ3 ፓወር ሲነሣ 8 ይሆናል። ይህ አጠራር የጥንት ግሪኮች ለካሬ ይጠቀሙበት ከነበረው «ዱናሚስ» ከተሰኘው ቃል በላቲን አልፎ የመጣ ነው። በኦፕቲክስ ደግሞ የሌንስ ፓወር በሜትር የተለካው የትኩረት ርቀት ግልባጭ ነው፤ የትኩረት ርቀቱ 0.5 ሜትር የሆነ ሌንስ 2 ዳዮፕተር ፓወር አለው። በዚህ ስሌት ውስጥ ጊዜ ከቶ አይገባም።

ሳይንቲስቶችም ቢሆኑ ቃላቱን ለመለየት ብዙ ደክመዋል። ሄልምሆልትዝ በ1847 እ.ኤ.አ. ዛሬ የኢነርጂ አለመጥፋት ሕግ የምንለውን ሲያቀርብ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል ዛሬ ለፎርስ የሚውለው ነበር። ለፓወር ጊዜን ያስገባለት፣ እንደ እኔ ግምት፣ ከፈላስፎች ይልቅ ገበያ ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ የእንፋሎት ሞተሩን ፈረስ ለለመዱ ደንበኞች ሲያቀርብ፣ የአንድን ፈረስ ሥራ በደቂቃ 33,000 ጫማ-ፓውንድ ብሎ ተመነው። ይህም 746 ዋት ያህል ነው። ወሳኟ ቃል «በደቂቃ» የምትለው ናት።

የእኛም «ኃይል» ከዚህ ችግር አያወጣንም፤ ፎርሱንም፣ ኢነርጂውንም፣ ፓወሩንም፣ ጦሩንም ጠቅልሎ ይይዛልና። «መብራት ኃይል» እያልን በምንጠራው መሥሪያ ቤት በኩል በየወሩ የምንከፍለው ለኢነርጂ ነው፤ መለኪያውም ኪሎዋት-ሰዓት ነው። እስቲ 3,600 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ለ2 ሰዓት ይሥራ እንበል። የሚጨርሰው 7.2 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። 10 ዋት ብቻ የሆነች አምፖል ሌት ተቀን ለ30 ቀን ሳትጠፋ ብትቆይ የምትጨርሰውም ልክ ይህንኑ ያህል ነው። የምጣዱ ፓወር ከአምፖሏ 360 እጥፍ ቢሆንም በሒሳቡ ላይ እኩል ናቸው።

በተለምዶ «ኪሎዋት በሰዓት» መባሉም ነገሩን ያባብሰዋል። «ኪሎሜትር በሰዓት» ስንል እያካፈልን ነው፤ እዚህ ግን የምናደርገው ማባዛት ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው ሲባል የተነገረው ፓወሩ፣ ያውም ከፍተኛው ነው። ተርባይኖቹ በሙሉ ዐቅማቸው ዓመቱን ሁሉ ቢሽከረከሩ 45,000 ጊጋዋት-ሰዓት ያህል ኢነርጂ በተገኘ ነበር። በዕቅዱ የሚጠበቀው ዓመታዊ ምርት ግን ከ15,000 ጥቂት ከፍ የሚል፣ የዚህ ሲሶ ያህል ነው። ተርባይኖቹን ሁሉ ክረምት ከበጋ ያለ ዕረፍት ለማሽከርከር የሚበቃ ውኃ ዓባይ አያመጣምና።