አንዱ እንፋሎት አራት ጊዜ ሲሠራ

ከመተማ ተሻግሮ በገዳሪፍ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው፥ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራበትን ሰፊ የዋልካ ሜዳ ካለፈ በኋላ በአትባራ ወንዝ ላይ የተሠራውን የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብና ከግድቡ ውሃ የሚጠጣውን የአዲስ ሐልፋን የመስኖ ምድር ያገኛል። ግድቡ የተፈጸመው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው። ከተማዪቱም የተቈረቈረችው በአስዋን ታላቅ ግድብ ምክንያት መንደራቸው በውሃ ለተዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑቢያውያን ነው። በዚያው በ1960ዎቹ ውስጥ ከመስኖው ምድር ከፊሉ ለሸንኮራ አገዳ ተሰጥቶ በቦታው የስኳር ፋብሪካ ተተከለ። ይህም የሆነው በኢትዮጵያ የወንጂ ፋብሪካ በ1954 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

የስኳር ፋብሪካን ከሩቅ የተመለከተ ሰው ሥራው አገዳን መጨፍለቅ ይመስለዋል። መጨፍለቁ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ከባዱ ሥራ ውሃን ማባረር ነው። አንድ መቶ ቶን አገዳ ሲጨመቅ፥ ጣፋጩ እንዳይቀር ከሚረጭበት ውሃ ጋር፥ መቶ ቶን ያህል ቀጭን ጭማቂ ይወጣዋል። በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ነገር ከመቶ 15 እጅ ያህል ነው፤ የቀረው ሁሉ ውሃ ነው። ጭማቂው ስኳሩ ወደሚረጋበት ማብሰያ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ የሟሟው ከመቶ 60 እጅ እስኪሆን ድረስ መወፈር አለበት። ይህም ማለት ከመቶው ቶን ውስጥ 75 ቶን ውሃ በእንፋሎት መሄድ አለበት ማለት ነው።

አንድ ኪሎ ውሃ ከበረዶ ቅዝቃዜ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ 100 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይበቃል። ያንኑ የፈላ ውሃ ጨርሶ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ሌላ 540 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋል። ወጥ የምትሠራ ሴት ሁሉ ይህን ሳትለካ ታውቀዋለች፤ ድስቱ ለመፍላት ጥቂት ጊዜ ይፈጅበታል፥ የቀጠነው ወጥ እስኪመጥን ግን ማገዶው ደጋግሞ ይጨመራል።

እንግዲህ የማገዶውን ሒሳብ መመልከት ያስፈልጋል። ፋብሪካው የሚያነድደው ጭማቂው የወጣለትን የአገዳ ቅሪት ነው፤ ሠራተኞች ባጋስ ይሉታል። ከመቶ ቶን አገዳ 30 ቶን ያህል ባጋስ ይገኛል፤ ግማሹ ገና እርጥበት ስለ ሆነ አንዱ ቶን በቦይለር ውስጥ ሲነድ ሁለት ቶን ያህል እንፋሎት ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ጠቅላላው 60 ቶን ገደማ ነው። ይኸው እንፋሎት አስቀድሞ ወፍጮውንና የመብራቱን ተርባይን ካዞረ በኋላ ለማፍላት ይተላለፋል። ነገር ግን 60 ቶን እንፋሎት በአንድ ጊዜ ሥራ 75 ቶን ውሃ ሊያተንን አይችልም፤ ስኳሩን ለማብሰልም ገና ሌላ ይፈለጋል። የጐደለው በእንጨት ወይም በነዳጅ ዘይት ካልተሞላ በቀር ፋብሪካው ይቆማል። የነዳጅ ዘይት በምሥራቅ ሱዳን ከፖርት ሱዳን በኩል ተጭኖ የሚመጣና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው፤ እንጨቱም ቢሆን በገዳሪፍ ዙሪያ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በትራክተር የሚታረሰው እርሻ እየሰፋ በመሄዱ የግራሩ ዱር ከከተሞቹ ርቋል። አንድ ትልቅ ፋብሪካ በከሰልና በማገዶ ገበያ ላይ ቢወጣ የከተማው ሕዝብ ምን እንደሚደርስበት ለመገመት አያዳግትም።

ይህን ጉድለት ያለ አንድ እንጨት የሞላው ብልሃት ከመገኘቱ በፊት፥ በካሪብ ደሴቶችና በሉዊዚያና የነበሩት ፋብሪካዎች ጭማቂውን በተርታ በተጣዱ ክፍት ድስቶች ያፈሉት ነበር። በባርነት የተያዙ ሰዎች በረጅም ጭልፋ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እየጨለፉ ያዛውሩታል፤ ብዙዎችም በትኩሱ ጭማቂ ይቃጠሉ ነበር። እንፋሎቱ በጣራው ቀዳዳ ወጥቶ ይጠፋል፥ ስኳሩም በኃይለኛው እሳት ያርራል፥ በአቅራቢያው ያለውም ጫካ ያልቃል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቻርልስ ሃዋርድ በ1813 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋ ድስት ሠርቶ አየሩን በፓምፕ በመምጠጥ ጭማቂው በዝቅተኛ ሙቀት እንዲፈላ አደረገ። የዚህ ነገር ምስጢር ለደገኛ ሰው እንግዳ አይደለም። በጎንደር ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በመተማ ቈላ ግን ወደ 98 ዲግሪ ይጠጋል፤ በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ስለዚሁ ነው። በውሃው ላይ የሚጫነው አየር ሲቀል ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ሃዋርድ ድስቱን ከራስ ዳሸን እጅግ ከፍ ወዳለ ተራራ ላይ እንደ ወሰደው ያህል ነው። ስኳሩ ከማረር ዳነ፤ ማገዶው ግን አሁንም ብዙ ነበር።

ማገዶውን ያዳነው ኖርበርት ሪሊዩ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1806 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከነጭ አባትና ነጻ ከሆነች ጥቁር ዘር ካላት እናት ተወለደ፤ በፓሪስ ተምሮ በዚያው የእንፋሎት ሞተርን ትምህርት አስተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ የፈጠረውን መሣሪያ በ1843 ዓ.ም. በሉዊዚያና በአንድ የአገዳ እርሻ ላይ ተከለ፥ በዚያው ዓመትና በ1846 ዓ.ም.ም የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። የአገሩ ሕግ ከነጮች እኩል የማያየው ይህ ሰው የሠራው መሣሪያ የዓለምን የስኳር ሥራ ለወጠ፤ እርሱ ግን በመጨረሻ ወደ ፓሪስ ተመልሶ በ1894 ዓ.ም. በዚያ ሞተ።

ያሰበውን ለመረዳት አረቄ ሲወጣ መመልከት ይበቃል። ድፍድፉ በእንስራ ተጥዶ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ተቀባይ ዕቃ ይወርድና ወደ ጠብታ ይለወጣል። ዙሪያውን ያለው ውሃ ጥቂት ቈይቶ ስለሚሞቅ ተደፍቶ በሌላ ይተካል። ያ የሚደፋው ሙቀት ከየትም አልመጣም፤ ማገዶው ለእንፋሎቱ የሰጠው፥ እንፋሎቱም ጠብታ ሲሆን ለውሃው ያስረከበው ነው። ሪሊዩ በሚደፋው ውሃ ፈንታ ሌላ የአገዳ ጭማቂ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ጋን እንፋሎት በሁለተኛው ጋን ውስጥ ባለው ጭማቂ ዙሪያ ይቀዘቅዛል፥ ሙቀቱንም ለጭማቂው ያስረክባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ለሦስተኛው እንዲሁ ያደርጋል። ነገር ግን ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው እንጂ ወደ እኩያው አይሄድም። ስለዚህ ሁለተኛው ጋን ከመጀመሪያው ባነሰ ሙቀት መፍላት አለበት፥ ለዚህም በውስጡ ያለው ግፊት እያነሰ እንዲሄድ ያስፈልጋል። የሃዋርድን ባዶ አየርና የራሱን ሐሳብ ያገናኘውም በዚህ ነው።

ዛሬ በስኳር ፋብሪካዎች የተለመደው አራት ወይም አምስት ጋን በተርታ ማቆም ነው። ባለአራቱን ብንመለከት፥ ጭማቂው በመጀመሪያው ጋን በ110 ዲግሪ ገደማ፥ በሁለተኛው በ100፥ በሦስተኛው በ85፥ በመጨረሻው ደግሞ ከ60 ዲግሪ በታች ይፈላል። ጭማቂው በጣም በወፈረበትና ለማረር በቀረበበት ጊዜ የሚያገኘው ሙቀት ትንሹን ነው፤ ይህ የአሠራሩ ትልቅ ውበት ነው። ከቦይለሩ የመጣው አንድ ቶን እንፋሎት በየጋኑ አንድ ቶን ያህል ውሃ ስለሚያባርር፥ 75 ቶኑን ለማትነን የሚፈለገው እንፋሎት 20 ቶን ገደማ ይሆናል። ባጋሱ ከሚሰጠው ከ60ው ቶን ላይ 40 ቶን ተረፈ ማለት ነው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሰውን ማገዶ ሳይሻማ መጨስ የቻለው በዚህ ስሌት ነው።

የመጨረሻው ጋን እንፋሎት ግን ወደ ሌላ ጋን አይሄድም፤ ኮንደንሰር ወደሚባለው ረጅም ዕቃ ገብቶ በሚረጭ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዛል። እንፋሎት ውሃ ሲሆን የያዘውን ቦታ ለቅቆ ስለሚኮማተር ባዶው አየር የሚፈጠረው በዚህ ነው። የኮንደንሰሩ እግር ከዐሥር ሜትር በላይ ረዝሞ ወደ ታች የሚወርደውም የውጭው አየር ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ ጋኑን እንዳያጥለቀልቅ ነው። በ30 ዲግሪ ገብቶ በ45 ዲግሪ የሚወጣ ውሃ ቢሆን፥ አንድ ኪሎ እንፋሎት ለመያዝ 38 ኪሎ ውሃ ይፈጃል፤ ውሃው በ35 ዲግሪ ቢገባ ግን 57 ኪሎ ያስፈልጋል። በቈላ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የምሥራቅ ሱዳን በጋ ደረቅ በመሆኑ ውሃውን በኩሬ ላይ እየረጩ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ የሸክላ እንስራ በጥላ ሥር ሲያልብ ውሃው እንደሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚጸናው ሙቀቱ በቧንቧዎቹ ግድግዳ ሳይሰናከል ካለፈ ብቻ ነው። በጋኑ ሆድ ውስጥ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቧንቧዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እንፋሎቱ በውጭ፥ ጭማቂው በውስጥ ይሆናል። ጭማቂው አስቀድሞ በኖራ ተጣርቶ ቢሆንም፥ አገዳው ከአፈሩ የመጠጠው ሲሊካና የኖራ ጨው በውስጡ ይቀራል፤ በዝናብ ከታጨደ በአገዳው ላይ የተለጠፈው ዋልካ ደግሞ ይጨመርበታል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይህ ሁሉ በቧንቧው ግድግዳ ላይ ይጋገራል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚታየው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። ቅርፊቱ ቀጭን ነው ተብሎ አይናቅም። እንደ ዓይነቱ፥ አንድ ሚሊሜትር ቅርፊት 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት የሚያደርገውን ያህል ሙቀት ሊያግድ ይችላል። ቅርፊት በያዘ ጋን የሚሠራ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ የአገዳውን መጠን መቀነስ፥ ወይ እንፋሎት መጨመር። እንፋሎት ሲጨመር ባጋሱ ያልቃል፥ ባጋሱም ሲያልቅ ወደ እንጨቱና ወደ ነዳጁ ይኬዳል።

ስለዚህ ጋኖቹ በየጊዜው ይቆማሉ። በመጀመሪያ ኮስቲክ ሶዳ ተሞልቶ ይፈላባቸዋል፤ ቀጥሎም ቧንቧው አንድ በአንድ በሚሽከረከር ብሩሽ ይፋቃል። ሠራተኛው ጋኑ በርዶ አየሩ ከመለወጡ በፊት እንዲገባ ማስቸኰል ነፍስን በስኳር መለወጥ ነው። የቧንቧውን ውስጥ በደንብ ያልጠረገ ሰው ደግሞ ሥራው ተመልሶ ይጠብቀዋል። ከቅርፊቱ ሌላ የሚረሳ ጠላት አለ፤ ይኸውም አየር ነው። ከጭማቂው የሚወጣው የማይቀዘቅዝ አየር በቧንቧዎቹ ዙሪያ ከተከማቸ እንፋሎቱ ብረቱን አይነካም፥ ስለዚህ በየጋኑ ላይ የአየር መውጫ ቧንቧ ተሠርቶለታል። መውጫው ከተደፈነ ንጹሑ ጋን እንኳ እንደ ቈሸሸ ይሆናል።

መሐንዲሶች ያሻሻሉት ብዙ ነው። ጭማቂው በቧንቧው ግድግዳ ላይ እንደ ስስ መጋረጃ ወርዶ ፈጥኖ የሚተንበት ረጅም ጋን፥ ከጋኖቹ መካከል ጥቂት እንፋሎት ቀንሶ ቀዝቃዛውን ጭማቂ ማሞቅ፥ እነዚህ ሁሉ ከሪሊዩ በኋላ የመጡ ናቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሴሊግማን በ1923 ዓ.ም. ያወጣው መሣሪያ ደግሞ ቧንቧን ትቶ የተሸበሸቡ ስስ የብረት ሳሕኖችን እንደ እንጀራ ደራርቦ በአንዱ በኩል ትኩሱን፥ በሌላው በኩል ቀዝቃዛውን ያሳልፋል። መጀመሪያ የተሠራው ለወተት ነበር። በምግብ ዘይት ማጣሪያ ውስጥም ታጥቦ የሚወጣው ትኩስ ዘይት የሚገባውን ቀዝቃዛ ዘይት እንዲያሞቀው ይደረግበታል፤ ሰሊጥ በሚመረትበት በገዳሪፍና በሑመራ አገር ሊታወስ የሚገባው መሣሪያ ነው። ሳሕኖቹ ተፈትተው በእጅ ስለሚታጠቡ ለቅርፊት መድኀኒታቸው ቅርብ ነው፤ በመካከላቸው ያለው የጎማ ማሰሪያ ግን በጊዜ ብዛት ይበላሻል፥ መለዋወጫውም ከውጭ የሚገዛ ነው።

በእንፋሎቱ ቅዝቃዜ የሚገኘው ትኩስ ውሃም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ከመጀመሪያው ጋን የሚወጣው ንጹሕ ስለ ሆነ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ግን ጭማቂ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ በአልፋ ናፍቶል ይመረመራል፤ የስኳር ምልክት ከታየበት ለቦይለር አይሰጥም፥ ለአገዳው ማጠቢያ ይሆናል። ስኳር በቦይለር ውስጥ ገብቶ ሲቃጠል ውሃውን ኮምጣጣ አድርጎ ብረቱን ይበላል።

ፋብሪካ የሚጎበኝ ሹም ስለ ሕንፃው ትልቅነት ከመጠየቅ ይልቅ ለአንድ ቶን አገዳ ስንት ኪሎ እንፋሎት እንደሚጠፋ ቢጠይቅ የፋብሪካውን ጤና ያውቃል። መልካም በሆነ አሠራር ከ400 ኪሎ ብዙ አይርቅም፤ 600 ኪሎ ከደረሰ ወይ ጋኖቹ ቈሽሸዋል፥ ወይ መሣሪያው አርጅቷል። በጃዊ በጣና በለስ እንደ ተተከለው ባሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ጥያቄው ይኸው ነው፥ የተረፈው እንፋሎት ወደ መብራት ኃይል ሊለወጥ ይችላልና።

ውሃው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አትባራ ከጎንደር ተራሮች የሚወርዱትን ጓንግንና አንገረብን፥ እንዲሁም ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ይዞ ይመጣል፤ ከውሃው ጋርም የደጋው አፈር አብሮ ይወርዳል። የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግማሽ ያህሉን ለደለል አስረክቧል። ከ1970ዎቹ ጀምሮም በክረምቱ ጎርፍ ጊዜ በሮቹ ተከፍተው ጭቃው እንዲታጠብ ይደረግ ነበር። ከእርሱ በላይ የተሠራው የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድብ በ2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ለመስኖው ተጨማሪ ውሃ ተገኘ። የአገዳው መፍጫ ወራት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ስለሚሆን ጎርፉ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ጋኖቹ ቀዝቅዘው፥ ክዳናቸው ተከፍቶ፥ ቧንቧቸው የሚፈተሽበት ጊዜ ነው፤ ወንዙ በጠራበት በኅዳር ደግሞ የኮንደንሰሩ ርጭት ቀዳዳዎች ጭቃ እንዳልደፈናቸው ከታየ በኋላ የመጀመሪያው አገዳ ወደ ወፍጮው ይገባል።