የልጅ ጥርስ በወለቀ ጊዜ

ታኅሣሥ ከገባ ጀምሮ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት ሜዳዎች የገና ጨዋታ ይደምቃል። ዱላው ሲወነጨፍ፣ እሩሩም ሲበር ግን አንዳንድ ጊዜ የልጅ አፍ ይመታል፤ የፊት ጥርስም ከነሥሩ ተነቅሎ ይወድቃል። ስለዚህ ይህን ምክር ለክርስቲያን ወላጆች ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ የወለቀውን ጥርስ መለየት ያስፈልጋል። የወተት ጥርስ ከሆነ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከበታቹ ያለውን መጪውን ጥርስ ሊጎዳ ይችላልና። ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚበቅለው የፊት ጥርስ ግን ቋሚ ነው፤ ተተኪ የለውም። እንግዲህ እንደ ወተት ጥርስ ከጣራ ላይ አይወርወር።

የቋሚውን ጥርስ ሥር የሸፈነው ስስ ሕያው አካል ከደረቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ሥሩን ሳይነኩ ነጩን ጫፍ ይዞ ማንሣት፣ ቢቆሽሽ ሳይፍቁ በንጹሕ ውሃ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ማለቅለቅ፣ ወዲያውም ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ወደ ቦታው መመለስና ልጁን ንጹሕ ጨርቅ ማስነከስ ይገባል። ይህ ካልተቻለ ጥርሱን በወተት ውስጥ አድርጎ ከልጁ ጋራ በፍጥነት ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ወተቱ ትኩስ ወይም እርጎ አይሁን። በመሐረብ መጠቅለል፣ በውሃም መዘፍዘፍ ጥርሱን ይገድለዋል።

ነገር ግን ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነው። እናት «በጾም ወተት እንዴት ይነሣል?» ብላ ብታመነታ፣ ጎረቤትንም ለመጠየቅ ብታፍር፣ በዚያች ጥቂት ደቂቃ የልጅዋ ጥርስ ይጠፋል። ጾም ከመብልና ከመጠጥ መከልከል ነው፤ ጥርስን በወተት ማቆየት ግን መብላትም መጠጣትም አይደለም። ሕፃናት ባሉበት መንደር ወተት በጾምም አይታጣም፤ ቢታጣ እንኳ የልጁ የራሱ ምራቅ በኩባያ ተጠራቅሞ ያገለግላል።

ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን የጥርሱ ነገር ይቆይና አስቀድሞ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይድረስ። በሌላው ጊዜም ጥርሱ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ሐኪም ከአጠገቡ ጥርሶች ጋራ ሊያስረውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልገው ሊያይ ይገባል። የጥርስ ሐኪም ፍለጋ እስከ ባሕር ዳር ወይም እስከ ደብረ ማርቆስ ቢያስኬድ እንኳ፣ ቦታው ገብቶ የሚጓዝ ጥርስ በኪስ ደርቆ ከሚጓዘው ይልቅ ተስፋ አለው።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለእኛም በጊዜው የምትፈጥን እጅ ይስጠን።