ጎርጎራ ላይ መንጠቆ የሚጥል ሰው ምን ይይዛል?

ጃናሞራ ውስጥ፣ መካነ ብርሃን ላይ የሚዘንበው ዝናብ ጣና ሐይቅ አይገባም። የጃናሞራ ወንዞች ወደ ተከዜ ይወርዳሉ፤ ተከዜም አትባራ ሆኖ ከዓባይ የሚገናኘው ሱዳን ውስጥ ነው። ስለዚህ ለደጋው ሰው ዓሣ ብዙ ጊዜ የጎንደር ነገር ነው፤ ለገበያ ወይም ለሕክምና ሲወርድ ምግብ ቤት ውስጥ የሚያገኘው ጥብስ ወይም ጉላሽ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባይዘጋም፣ የዓሣ ገበያ የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው። ያ ዓሣ ከየት እንደሚመጣ ማየት የሚፈልግ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጣና ዳር ጎርጎራ ይደርሳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የሠሩት ወደብ እዚያ አለ። ከመካነ ብርሃን ለተነሣ ሰው፣ የጀልባ መቆሚያ ላይ ቆሞ ዳርቻው የማይታይ ውኃ ላይ ክር መጣል የሚቻልበት ቅርቡ ቦታ ይህ ነው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ትልቁ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ የላዩን ውኃ ከታቹ ስለሚደባልቀው፣ ወንዞቹም አፈር ይዘው ስለሚገቡ፣ በተለይ በክረምት ይደፈርሳል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ አሽትቶና ዳስሶ የሚያድን ይቀናዋል፤ አምባዛ እንዲህ ያለ ነው። በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ረጃጅም ሪዞች ጭቃውን እየዳሰሰ ትል፣ ትንሽ ዓሣ፣ የሞተም ቢሆን ያገኘውን ይበላል። እሱን የፈለገ ሰው ክሩ ላይ እርሳስ ወይም ጠጠር አስሮ፣ ትሉን ወይም የሥጋውን ቁራጭ ከታች ጭቃው ላይ ያሳርፋል፤ ከመሸ ደግሞ ይሻላል። አምባዛ ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል አለው፤ በክረምትም ጎርፍ ያጥለቀለቀውን ሣር ተከትሎ እስከ ማሳ ዳር የሚወጣው በዚሁ ነው።

ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ደንገልና ቄጠማ ባለበት ይውላል። አልጌ በል ስለሆነ ትንሽ መንጠቆና ሊጥ ይበቃዋል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ ልጆቿም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በሶ የሚባለው ደግሞ ከድንጋይ ላይ አልጌ በከንፈሩ ጠርዝ እየፋቀ ስለሚኖር የትሉ ነገር ብዙም አይገደውም።

አራተኛው ነጭ ዓሣ ነው፤ ጣናን ከዓለም ሐይቆች የለየውም እሱ ነው። ገበያ ላይ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት አይደለም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደዚህ አገር መጥቶ ከእነዚህ ዓሣዎች የተወሰኑትን በየስማቸው መዝግቦ ነበር። በኋላ፣ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ የሳይንስ ሰዎች ልዩነታቸው የመልክ ብቻ ነው ብለው ሁሉንም አንድ ዝርያ አደረጓቸው። በ1990ዎቹ የሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናኽልከርከና ሲቢንግ እንደገና መረመሯቸው። ምግባቸው፣ የሚውሉበት ጥልቀትና የአፋቸው ቅርጽ ሲነጻጸር 15 የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። አንዱ ጣሊያናዊው ቢኒ በ1940 እ.ኤ.አ. በጎርጎራ ስም የሰየመው ነው።

ከ15ቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ በጣም የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ወገናቸው ሁሉ ለአዳኝነት የተሠራ አይደለም። መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የለም፤ ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ በአሲድ የሚፈጭ ጨጓራም የላቸውም። በሌላ ሐይቅ ቢሆን እንደ ናይል ፐርች ያለ ባለ ጥርስ አዳኝ ቦታውን ይይዝባቸው ነበር። ጣና ግን ተዘግቷል። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል፤ ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ያንን ወጥቶ ጣና አይደርስም። እንዲህ ያለ አዳኝ ያልነበረው ሐይቅ ከገዛ ልጆቹ አዳኝ አወጣ። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ውስጥ የነበሩት ተመሳሳይ ዓሣዎች ስለጠፉ፣ ይህን የሚያህል የዚህ ወገን ስብስብ ሳይበተን የቀረው ጣና ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሀብት በአንድ መረብ አይወሰድም ማለት ግን አይቻልም። ለዘመናት ዓሣ የማስገሩን ሥራ የያዘው በዋናነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነበር፤ ከደንገል በታሰረ ታንኳ፣ በዳርቻው ላይ፣ ለቤትና ለቅርብ ገበያ። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በባሕር ዳር በኩል ገባ። ብዙ ወጣት እንጀራ አገኘበት፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ጉዳቱ የመጣው መረቡ ከተዘረጋበት ቦታና ወር ነው። ከነጭ ዓሣዎቹ ገሚሱ ያህል ለመራባት ሐይቁን ትተው ወደ ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸው ጠጠር ላይ የሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ ጉዞውም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። በነዚያ ሳምንታት ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው፣ ገና ያልወለደውን መንጋ ባንድ ላይ ያነሣል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በነበሩት ዓመታት ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሣዎች ብዛት 75 በመቶ ያህል ወርዷል። እነዚህ ዓሣዎች ዘግይተው የሚጎለምሱ ስለሆኑ የጎደለው ባንድ ክረምት አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ሌላም ሸክም ተጨምሯል። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው እምቦጭ አረም ሰሜኑን ዳርቻና የመገጭን አፍ አጥብቆ ይዟል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አማራ ክልልም የራሱን አውጥቷል። እኔ የሚታየኝ የጎደለው ሕግ ሳይሆን፣ በነሐሴና በመስከረም ወንዞቹ አፍ ላይ የሚቆም ጠባቂና ለእነዚያ ሳምንታት ለአስጋሪው የሚሆን ሌላ ገቢ ነው። ቤተሰቡን በመረቡ የሚያስተዳድር ሰው በባዶ እጁ እረፍ ቢሉት አይሰማም፤ ሊሰማም አይገባም።

ከወደቡ ላይ በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው ለዚህ ጥፋት ብዙ አያዋጣም፤ አንድ መንጠቆ አንድ ዓሣ ነው፣ ትንሹንም መልሶ መልቀቅ ይቻላል። ከደጋ የሚወርደው ገዢ ግን ሚና አለው። በነሐሴና በመስከረም ገበያ ላይ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረ ነጭ ዓሣ ካየ፣ ወደ ወንዝ ሲወጣ የተያዘ ሊሆን ስለሚችል ይለፈውና ቆሮሶ ይግዛ። ቆሮሶ የሚራባው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው፤ የወንዝ መንገድ አይፈልግም።