ስም ጠሪው መምህር ብቻውን

በ2002 ዓ.ም. በላይ አርማጭሆ የተወለደ ልጅ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ቢሄድለት ኖሮ ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም.፣ 10ኛ ክፍል በደረሰ ነበር። አንደኛ ክፍል ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ በሐምሌ 2008፣ ጎንደር ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ ፊደል የቆጠረው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዓመት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለ ከቅማንት የማንነት ጥያቄ ጋር በተያያዘው ግጭት በጭልጋ፣ በላይ አርማጭሆና በጎንደር ዙሪያ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። አራተኛ ክፍልን በመጋቢት 2012 ኮሮና ዘጋበት። በ2013 ትምህርት ቤት ተከፍቶ ገና ወንበሩን ሳያሞቅ ጥቅምት 24 የትግራይ ጦርነት ሆነ፤ ጥቅምት 30 ደግሞ ማይካድራ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተጨፈጨፈ። ከጎንደር ወደ ሁመራ የሚወስደው መንገድ የላይ አርማጭሆን ከተማ ትክል ድንጋይን ስለሚያልፍ፣ ወደ ግንባር የሚወርደውንም ሸሽቶ የሚወጣውንም የከተማዋ ልጆች በዓይናቸው አይተዋል። ያ የትምህርት ዘመን ካበቃ በኋላ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ገበሬዎች በየደጃቸው ተገደሉ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈርሞ ዓመት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው ያላቸው ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ቦታ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ልጆች አርባና ሃምሳ ሆነው በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ፊታቸው የሚቆመው ሰው ስም ጠሪ መምህራቸው ነው። ስለ ተጎዱ ተማሪዎች ድጋፍ በየስብሰባው ብዙ ይባላል፤ እኔ ግን ነገሩ ሁሉ በዚህ ሰው ላይ የሚወድቅ መሆኑ ይታየኛል። በየማለዳው ስም ሲጠራ ማን እንደቀረ፣ ማን መጥቶ እንዳልመጣ ያህል እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱን የሚደግፍ ሰው ግን የለም።

የልጆቹ ጉዳት በክፍል ውስጥ ራሱን ለይቶ አይናገርም። ትንንሾቹ ከእናታቸው ቀሚስ አልላቀቅ ይላሉ፣ ያቆሙት የአልጋ ሽንት ይመለስባቸዋል። ከፍ ያሉት እንቅልፍ አጥተው አድረው ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፤ ትናንት የተማሩት ዛሬ ይጠፋባቸዋል፤ በር በኃይል ሲዘጋ ከመቀመጫቸው ይዘላሉ። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በሠርግም በለቅሶም ጥይት ይተኮሳል። ለትልቅ ሰው ክብር የሆነው ተኩስ፣ አባቱ ደጃፉ ላይ ሲገደል ላየ ልጅ ያችኑ ሰዓት መልሶ ያመጣበታል። የልጁን ድንጋጤ አይቶ የሚስቅም አይጠፋም፤ አርማጭሆ በጀግንነት የተወደሰ አገር ነው፣ ወንድ ልጅ ፈራሁ ብሎ መናገር እንደ ውርደት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ፍርሃቱ በቁጣ ይወጣል፣ ይደባደባል፣ ከትምህርት ቤት ይቀራል፣ አንዳንዱም መሣሪያ ወደያዙት ይሄዳል። የትምህርት ቤት መዝገብ ግን ይህን ሁሉ «አቋራጭ» በሚል አንድ ቃል ይዘጋዋል። የሴቷ ደግሞ በዝምታ ያልፋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከቤት የዋለች ልጅ ብዙ ጊዜ የምትዳር ልጅ ናት፤ ጥቃት የደረሰባትማ ቤተሰቧ ራሱ ነገሩን ይደብቅላታል፣ ለክብሯ ብሎ።

እናቶች ሲናገሩ «ልጄ ደንግጦብኝ ነው» ይላሉ። ጸበል ይወስዱታል። ይህን የሚንቅ ባለሙያ የሚሠራበትን አገር አያውቅም፤ ጸበል ቤት ልጁ ብቻውን እንዳልሆነ የሚሰማው፣ ሌላው ሰው ስለ እሱ የሚጸልይለት ቦታ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ሕመሙ የጠናበት ልጅ ከጸበሉ ጎን ሐኪምም ማየት ሲገባው ሳያይ ሲቀር ነው። ሐኪሙ ደግሞ ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ባለሙያም ይሠለጥናል። ይሁንና መንገዱ በተዘጋ ቀን ከትክል ድንጋይ ጎንደር መድረስ ራሱ ፈተና ነው፤ ከቆላው ቀበሌማ አይነሣ።

ደግነቱ አብዛኛው ልጅ ሆስፒታል አያስፈልገውም። ሰላም፣ የቤተሰብ ፍቅርና በየቀኑ የማይቀየር ሥርዓት ካገኘ ብዙው ልጅ በጊዜ ያገግማል። የደወሉ ሰዓት፣ የሚያውቀው ወንበር፣ ስሙን የሚጠራ መምህር ከመድኃኒቱ ይቆጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ለመምህር የማይከብድ ነው፤ ልብ ብሎ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ከሚረዳው ሰው ጋር ማገናኘት። ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ያየኸውን ሁሉ አሁን ተናገር ብሎ ልጅን ማስጨነቅ ይጎዳዋል። በጎ አሳቢ ሆነው የሚመጡ ጎብኚዎች ተፈናቃይ ልጆችን በሰው ፊት አቁመው የደረሰባቸውን ሲያስነግሯቸው ሳይ ደሜ ይፈላል።

የከበደ ጉዳት ያለባቸው ጥቂቶችስ? እነሱንም ቢሆን ሐኪም ብቻ ነው የሚረዳቸው የሚለው ሐሳብ ተፈትኖ ተረትቷል። በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ጣቢያ የጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከስደተኞቹ መካከል የተመረጡ ሰዎችን ስድስት ሳምንት አሠልጥነው፣ የሩዋንዳና የሶማሊያ ስደተኞች የሕይወታቸውን ታሪክ ከነመከራው በቅደም ተከተል እንዲተርኩ ረዷቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የብዙዎቹ ሕመም መቅለሉን አሳይቷል። አሠልጣኙም አብሮ ቆይቶ ይከታተላቸው ነበር። ስድስት ሳምንቱን ልብ ይሏል። እኛ ዘንድ መምህሩ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በሆቴል አዳራሽ ባነር ተሰቅሎ የሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበልና የምስክር ወረቀት ነው። ሥልጠናው ሲያልቅ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው አይኖረውም።

መምህሩ ራሱም ቆስሏል። በነዚህ ዓመታት በአማራ ክልል መምህራን ተገድለዋል፣ ታግተዋል፣ ታስረዋል። ለምን አስተማርክ ብሎ የሚያስፈራራው አንዱ ወገን ነው፤ ለምን አላስተማርክም ብሎ የሚጠይቀው ሌላው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ በ2011 ቤታቸው የተቃጠለባቸው የአማራም የቅማንትም ልጆች አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ፣ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ አንድ መጽሐፍ ይጋራሉ። የአንዱ ለቅሶ ለሌላው ክስ እንዳይሆንበት መጠንቀቅ የዚያው የአንድ መምህር ሥራ ነው። ይህን ሥራ የትኛውም የደረጃ ዕድገት መመዘኛ አይቆጥርለትም። «ጋይዳንስ» የሚባለው የምክር አገልግሎት ባለሙያ በጥቂት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይገኝ እንደሆነ እንጂ በገጠር አንደኛ ደረጃ የለም። ትምህርት ቤቱም ራሱ ባዶ ሲሆን የታጣቂ ማደሪያ፣ ሕዝብ ሲፈናቀል መጠለያ ይሆናል። ተፈናቃይ ማስጠለል ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ነው፤ ወታደር ማስፈር ግን ማንም ያድርገው ማን ልጆቹን ሁለተኛ ማፈናቀል ነው።

ጎንደር ተማሪን በመደገፍ ባዶ እጇን አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. ግጭት በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በከፋበት ጊዜ፣ ወልድያ ላይ ተማሪዎች ሲገደሉ፣ የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታግተው ሲቀሩ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከከተማው ሕዝብ ጋር «የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚባለውን ፕሮጀክት ይዞ ተነሣ። ከየክልሉ ለሚመጣ አዲስ ተማሪ የከተማው ነዋሪ እናትና አባት ሆኖ ይቀበለዋል። በበዓል ቤቱ ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል፣ ሲከፋው የሚሄድበት ደጅ ይኖረዋል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከትለውታል። ይህን ሐሳብ ያፈለቀው ሰው የሥነ ልቦና ድጋፍ ብሎ ባይጠራውም፣ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የሚያዙት ነገር ይኸው ነው። እናቶቹ ቡና አፍልተው ያደርጉታል።

የቤተሰቡ ዋጋ የታየው ከዚያም በኋላ ነው። ሰኔ 26 ቀን 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ በታጣቂዎች ተያዙ፤ ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች ታገቱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ጎንደር ላይ ገንዘብ ተከፍሎባት እንኳ የተገደለች የሁለት ዓመት ሕጻን የከተማውን ሕዝብ አደባባይ አወጣች። ዕገታ የየቤቱ ፍርሃት በሆነበት አገር፣ ደውሎ «ደረስክ ወይ?» የሚል ሰው ያለው ተማሪና የሌለው ተማሪ አንድ አይደሉም።

ታዲያ ይህ ቃል ኪዳን ከዩኒቨርሲቲ አጥር ወርዶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለምን አይመጣም? ከገጠር ቀበሌ መጥተው ትክል ድንጋይ ቤት ተከራይተው፣ በሳምንት አንዴ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ልጆች ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ በዕድሜ ያነሱ፣ ከእሱም የባሰ ብቸኛ ናቸው። ዕድሩ፣ ሰንበቴው፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ እዚያው አለ። መንገድ ሲዘጋና ስንቁ ሲቀር የሚጎርሱት የሚሰጣቸው ጎረቤት ብዙ ጊዜ አለ፤ ይህን በመዝገብ ይዞ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቤት መስጠት ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

ለከበደው ጉዳት የሚሆነውም መንገድ ከጎንደር ብዙ አይርቅም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ ደምቢያን የፈጀው ወባ ነበር። ሐኪም እስኪበዛ መጠበቅ ሕዝብ መጨረስ ነውና የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ አንድ ላይ አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ተማሪዎችን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች የሚያሰማራው ያ ልማድ ዛሬም አለ። ዩኒቨርሲቲው ሥነ ልቦና ያስተምራል፤ የተመረቁት ወጣቶችም ብዙዎቹ ሥራ ፈላጊ ናቸው። አንድ የሥነ ልቦና ተመራቂ ለተወሰኑ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ቢመደብ፣ በየሳምንቱ ስም ጠሪ መምህራኑን ቢያገኝ፣ የከበደውን ልጅ እሱ ቢይዝ፣ ከእሱም ያለፈውን በስልክ ጎንደር ያለውን የአእምሮ ሐኪም ቢያማክር፣ መምህሩ ብቻውን መሆኑ ያበቃል። ለዚህ ትምህርት ቢሮው መደቡን፣ ጤና ቢሮው የሕክምናውን ትስስር፣ ዩኒቨርሲቲው ሥልጠናና ክትትሉን መስጠት አለባቸው። ወደ ትክል ድንጋይ የሚወስደው መንገድ አስተማማኝ እስኪሆን ድረስ፣ ተፈናቃይ ልጆችን ተቀብለው በሚያስተምሩት የጎንደር ከተማ ትምህርት ቤቶች በመጪው መስከረም መጀመር ይቻላል።