የካዝና ቁጥር በትዕግሥት ሲገኝ

ወርቅ ሲነሣ አሶሳን መዘንጋት አይቻልም። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ፥ የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አልሐሰን ለዐፄ ምኒልክ ይገብሩ የነበረው ወርቅ እንደ ነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። ወርቅ የሚመዘነው በወቄት፥ ማለት በ28 ግራም ገደማ ነበር። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በጅሮንዱ ቢሻር ወይም ቢሞት ቁልፉ ለተተኪው ይተላለፍ ነበር።

በቁጥር የሚከፈት ካዝና ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቁልፉ በሰው ራስ ውስጥ ያለ አሳብ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ሳይናገር ቢሞት ቁጥሩም አብሮት ይቀበራል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያውቀው መፍትሔ ብረቱን በእሳት መቁረጥ ነው። እሳቱ ግን የቤት ካርታ፥ ውልና የሒሳብ መዝገብ ለይቶ አያውቅም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት ተቆራርጦ ሌላ ዕቃ ሲሆን ያየ ሰው ነገሩን ይረዳል። ከእሳት የተሻለ መንገድ አለን? አዎን፥ አለ።

አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመን የውስጡን አሠራር እንይ። ከበሩ ፊት 100 ምልክት ያለበት መዘውር አለ። ከጀርባው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክብ ሳሕኖች በአንድ ዘንግ ላይ ይደረደራሉ፤ በያንዳንዱም ጠርዝ ላይ አንድ ጥርብ አለ። አራተኛው ክብ ከመዘውሩ ጋራ የተያያዘ ሲሆን፥ የራሱ ጥርብ አለው። ከሳሕኖቹ በላይ አንድ ቀጭን ብረት ተንጠልጥሏል። ሦስቱ ጥርቦች ከብረቱ ሥር ሲሰለፉ ብረቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ መወርወሪያውም ይሳባል፤ በሩ ይከፈታል።

100 ቁጥር ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1,000,000 ይሆናል። ይህን ሁሉ መሞከር የማይታሰብ ነው። ነገር ግን የሰው እጅ የሠራው ሳሕን ፍጹም እኩል አይሆንም፤ አንዱ ከሌላው በፀጉር ያህል ይበልጣል። የተንጠልጠለው ብረት የሚያርፈው ከሁሉ በበለጠው ላይ ነው። የብረቱ አፍንጫ በአራተኛው ክብ ጥርብ ውስጥ ሲገባ ግራና ቀኝ የሚነካበት ቦታ በጣት ይታወቃል፤ በመዘውሩም ላይ ይነበባል። የበለጠው ሳሕን ጥርብ ከብረቱ ሥር ሲደርስ አፍንጫው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ በሁለቱ መንኪያዎች መካከል ያለው ርቀትም ይጠባል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቁጥር ሩብ አይበልጥም።

ስለዚህ የሥራው ሥርዓት ይህ ነው። መዘውሩን ደጋግሞ በማዞር ሦስቱን ሳሕኖች በአንድ ቁጥር ላይ ማሰባሰብ፤ ግራና ቀኙን አንብቦ መጻፍ፤ ከዚያም ሁለት ቁጥር አልፎ እንደገና መለካት። እንዲህ ዙሪያው ሲፈጸም 50 ልኬት፥ 100 ንባብ ይሆናል። ንባቡ በሠንጠረዥ ወረቀት ላይ ሲሣል መሥመሩ ዝቅ ያለበት ቦታ የአንዱን ሳሕን ጥርብ ያመለክታል። ያን ሳሕን በቦታው አቁሞ፥ ለሁለቱም እንዲሁ መፈለግ ነው። በፊልም እንደምናየው ጆሮ ለጥፎ ቀጭ የሚል ድምፅ መጠበቅ ሳይሆን፥ እርሳስና ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ቁልፍ ሠሪዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በሳሕኑ ጠርዝ ላይ ጥልቀት የሌላቸው የሐሰት ጥርቦች እያበጁ ፈላጊውን ያሳስታሉ። አሮጌዎቹ ካዝናዎች ግን ብዙዎቹ ይህ መከላከያ የላቸውም።

የሰው ቸልተኝነት ደግሞ ከብረቱ ድክመት ይብሳል። በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሪቻርድ ፋይንማን፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአቶሚክ ቦምብ በሚሠራበት በሎስ አላሞስ የጓደኞቹን የሰነድ ሣጥን ይከፍት ነበር። ሣጥኑ ክፍት ሆኖ ሲያገኘው የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በመዘውሩ ያነባል። ቁልፉ እስከ ሁለት ቁጥር ስሕተት ስለሚቀበል፥ ለቀረው ለመጀመሪያው ቁጥር 20 ሙከራ ይበቃው ነበር።

ይህ ዕውቀት ለሌባ አይጠቅምምን? የሚሉን አሉ። ሌባ ቸኳይ ነው፤ ይህ ሥራ ግን ሰዓታት፥ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። ለመማር የሚሻ የራሱ በሆነ፥ ጀርባው በሚታይ አሮጌ ቁልፍ ላይ ይለማመድ፤ የሌላውን ካዝና ባለቤቱ ሳይጠይቀውና በፊቱ ሳይቆም አይንካ።

የአሶሳን ሴቶች በወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥቡ ያየን ሰዎች ይህ ትዕግሥት እንግዳ አይሆንብንም። ገበቴው ይዞራል፤ ውሃው አሸዋውን ጥቂት በጥቂት ይወስዳል፤ ከባዱ ይቀራል። የቸኮለች አጣቢ ወርቁን ከአሸዋው ጋራ ትደፋዋለች።

በቢሮም ሆነ በቤት የካዝና ቁጥር የያዛችሁ ሁሉ ግን፥ ዛሬውኑ ቁጥሩን ጽፋችሁ በታሸገ ፖስታ ለታመነ ሰው አስረክቡ። ይህን ካደረጋችሁ ልጆቻችሁ 100 ንባብ ከመጻፍ ይድናሉ፤ ካርታውም ከእሳት።